የመጀመሪያዋ ደቂቃ፦ ለቀዝቃዛ ውሃ ዋናና ለትራያትሎን ውድድር የሚደረግ ዝግጅት

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ርዕስ ለዲላና ለወናጎ ሰው እንግዳ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። ርዕሱን በክፍል ውስጥ ባቀረብኩ ጊዜ ጓደኞቼ ስቀውብኛል። "አንተ፣ የት ያየኸውን በረዶ ነው?" ያለኝም አለ። እውነቱን ለመናገር ቡና ጥላ ሥር ያደገ የጌዴኦ ልጅ ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ውድድር ልጻፍ ሲል ያስቃል። እኔ ግን ርዕሱን የመረጥኩት ከወናጎ ተነስቼ እንጂ ከአውሮፓ ተነስቼ አይደለም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ በታኅሣሥ ወር፣ የቡና ለቀማው ደርሶ ሰፈሩ ሁሉ በሥራ ተጠምዶ ነበር። የአጎቴ ልጅ ከለሊቱ ጀምሮ እሸት ቡና በጆንያ እየተሸከመ ወደ ማጠቢያው ሲያመላልስ አደረ። ጎህ ሲቀድ ላብ በላብ እንደሆነ ሸሚዙን አውልቆ ወንዙ ላይ ካለው ኩሬ ዘሎ ገባ። ኩሬው የሰፈር ልጆች ሁሉ ዋና የተማርንበት ነው። ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ጎርፍ የለም፤ ውሃው የተኛ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ልጁ ደግሞ ከሁላችንም የተሻለ ዋናተኛ ነበር። አብረውት የነበሩት እንደነገሩን አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ አፉን ከፈተ። የሚጮህ መስሏቸው ነበር፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ለቅሶው ላይ ያልተባለ ነገር የለም። ገሚሱ "የውሃ ጋኔን ነው የያዘው" አለ፤ ገሚሱ "ደክሞት ነው" አለ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሬዲዮ ዜናውን በሁለት ዓረፍተ ነገር አሰማ፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር "ዋና ባለመቻሉ" የሚል ነበር። አጎቴ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር የሰማው። "ልጄ እኮ ይዋኝ ነበር" አለ። "አልቅሱልኝ አላልኩም፤ ግን አይችልም ለምን ይላሉ?" ያን ጊዜ ማንም መልስ አልሰጠውም። እኔም ጋዜጠኝነት ገብቼ ስለ ዋና ስፖርት የተጻፈውን ማገላበጥ እስክጀምር ድረስ መልስ አልነበረኝም።

ቀዝቃዛ ውሃ ሰውን የሚጎዳው እንዴት ነው?

አብዛኞቻችን ቀዝቃዛ ውሃ የሚገድለው ሰውነትን አቀዝቅዞ፣ ቀስ በቀስ አደንዝዞ ይመስለናል። እርግጥ ነው፣ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ይልቅ ሃያ አምስት እጥፍ ያህል በፍጥነት ይወስዳል። ይሁን እንጂ ለዚህም ቢሆን ጊዜ ያስፈልገዋል። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ጊስብረክት ይህንን ለማስረዳት "አንድ፣ አሥር፣ አንድ" የሚል አቆጣጠር አለው። በረዶ በሚባል ደረጃ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ አለው። ከዚያ እጅና እግሩ እንደልብ የሚታዘዙለት አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ከቅዝቃዜ የተነሳ ራሱን እስኪስት ድረስ ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ይቀረዋል። እንግዲህ አስተውሉ፤ እኛ የምንፈራው የመጨረሻውን "አንድ" ነው፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ግን በመጀመሪያዋ "አንድ" ላይ ነው።

በመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰውየው ሳይፈልግ አየር ጭልጥ አድርጎ ይስባል። ይህ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም፤ ልክ ትኩስ ነገር ሲነካን እጃችን በራሱ እንደሚሸሸው ነው። ቀጥሎ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ልቡ ይደልቃል፤ በቆዳው ያሉት የደም ሥሮች ስለሚጠብቡ የደም ግፊቱ ይወጣል። በደረቅ መሬት ላይ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ የሚይዝ ጎበዝ እዚያ ውስጥ ጥቂት ሴኮንድ መያዝ ያቅተዋል። ያ የመጀመሪያው ስበት ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ እያለ ከመጣ የሚስበው አየር ሳይሆን ውሃ ነው። ዘሎ የገባ ሰው ጭንቅላቱ የት እንዳለ መቼም ግልጽ ነው።

በእንግሊዝ አገር በፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ማይክ ቲፕተን ይህንን ጉዳይ ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። ከጥናቶቹ ለእኛ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ የትንፋሹ ድንጋጤ የሚጀምረው ውሃው ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ውስጥ ደግሞ ጫፍ ይደርሳል። ስለዚህ ውሃው በረዶ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም ማለት ነው። ከቡሌ ደጋ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ የሚወርድ ውሃ በታኅሣሥ ንጋት ምን ያህል ይቀዘቅዛል? ቴርሞሜትር ስላልነበረኝ ቁጥር አልሰጥም፤ እግሩን የነከረበት ሰው ግን ያውቀዋል። የአጎቴ ልጅ በምን እንደሞተ በሐኪም አልተመረመረምና እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። ላብ፣ ዝላይ፣ የተከፈተ አፍ፣ የጠፋ ድምፅ፤ የተነገረን ሁሉ ግን ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ይህንን ነገር ያለ ላቦራቶሪ ማየት የሚፈልግ ሰው ጥር 11 ቀን ጎንደር ይሂድ። በፋሲለደስ መዋኛ ጥምቀተ ባሕሩ ከተባረከ በኋላ ወጣቶች ከአጥሩና ከዛፉ ላይ እየዘለሉ ይገባሉ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በጥር ሌሊቱ ብርድ ነው። በቴሌቪዥን ስትመለከቱ ከውሃው ብቅ ያለውን ልጅ ፊት ልብ በሉ። አፉ ክፍት ነው፣ ዓይኑ ፈጧል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። እኛ ደስታ ብቻ ይመስለናል። ደስታም አለበት፤ ግን ያ የመጀመሪያዋ ደቂቃ መልክ ነው። እዚያ ዙሪያውን ሕዝብ አለ፣ ግድግዳው ቅርብ ነው፣ እጅ የሚዘረጋ አይጠፋም። ኩሬያችን ዳር ግን ማን ነበር?

ውድድሩና ሕጉ

ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ያለማቋረጥ ተከታትለው የሚካሄዱበት ውድድር ነው። በዚህ ስም የተደረገው የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሳንዲያጎ ነው። ኦሊምፒክ የገባው በ2000 በሲድኒ ሲሆን ርቀቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ "አሥር ኪሎውን ለእኛ ተዉት!" እንደሚል ይገባኛል። ችግሩ ሩጫው የሚመጣው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ከውሃው በሕይወት መውጣት ያስፈልጋል። ክፍት ውሃ ዋና ደግሞ ከ2008 ቤጂንግ ጀምሮ በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት የኦሊምፒክ ውድድር ሆኗል።

የውድድር ሕጎቹ ቅዝቃዜን በዋዛ አያዩትም። በክፍት ውሃ ዋና የዓለም አቀፉ የውሃ ስፖርቶች ማኅበር ውሃው ከ16 ዲግሪ በታች ከሆነ ውድድር አይፈቅድም። ከ18 ዲግሪ በታች የጎማ ልብስ መልበስ ግዴታ ነው፤ ከ18 እስከ 20 ባለው እንደ ዋናተኛው ምርጫ ነው። ላይኛው ወሰን ደግሞ 31 ዲግሪ ነው። ይህ ወሰን የወጣው አሜሪካዊው ፍራን ክሪፐን እ.ኤ.አ. በ2010 በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በፉጃይራ በሞቀ ባሕር ውስጥ ሲወዳደር ከሞተ በኋላ ነው። ሕግ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሰው ካለቀ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል። በትራያትሎን ውሃው ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ ዋናው ይሰረዛል። ለታወቁት ተወዳዳሪዎች በ1,500 ሜትር ዋና የጎማ ልብስ የሚፈቀደው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው፤ የልብሱ ውፍረትም ከ5 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ውፍረቱ የተወሰነበት ምክንያት አለው። ልብሱ ሙቀት ከመያዙ ሌላ ሰውን ወደ ላይ ያንሳፍፋል፤ ስለዚህ ፍጥነትም ይሰጣል።

በነገራችን ላይ የመዋኛ ገንዳ ውድድር በሕግ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ውሃ ነው የሚካሄደው። ሮቤል ኪሮስ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሴኮንድ ከ59 ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ሲወጣ የዓለም ጋዜጦች በሰውነቱ ተሳለቁ። የእኛም ሰው አብሮ ሳቀ። እኔ በዚያ ዜና የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስለ ሆዱ የጻፈ ሁሉ፣ ሐይቅና ወንዝ በሞላበት አገር ዋና የት ይለመዳል ብሎ ሲጠይቅ ብዙም አላየሁም።

ዝግጅቱ እንዴት ይሁን?

ከሁሉ የሚቀድመው ሰውነትን ማልመድ ነው። ደስ የሚለው ነገር የትንፋሽ ድንጋጤ የሚለመድ መሆኑ ነው። በተለያየ ቀን ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ብቻ አምስት ስድስት ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ድንጋጤው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስለት በጥናት ታይቷል። ልማዱም ለወራት ይቆያል። ጥንካሬ፣ ወኔ፣ "እኔ ወንድ ነኝ" ማለት እዚህ ምንም አይሠሩም፤ የሚሠራው ድግግሞሽ ነው። በዶርም የኖረ ሰው ከንጋቱ በቀዝቃዛ ሻወር ትንፋሹን ስቦ እየጮኸ ከወጣ ሥልጠናውን ሳያውቀው ጀምሯል ማለት ነው። ሻወር ግን ሐይቅ አይሆንም፤ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደው።

ሁለተኛው አገባቡ ነው። አይዘለልም። ቀድሞ ፊትንና አንገትን በውሃው ማራስ፣ ከዚያ በእግር ቀስ ብሎ መግባት፣ ወገብ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ በረጅሙ ማስወጣት። ልብ በሉ፣ ማስወጣት ነው ያልኩት። ሰው ሲደነግጥ መሳብ ብቻ ነው የሚታየው፤ የተሳበው ካልወጣ ግን አዲስ አየር አይገባም። ትንፋሹ እስኪረጋጋ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። መዋኘት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በውድድር ቀን ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት ውሃ ውስጥ ገብቶ መውጣት የሚፈቀድ ከሆነ መጠቀም ነው። ካልተፈቀደ ቢያንስ ፊትንና አንገትን በጠርሙስ ውሃ ማራስ ይቻላል። ሳያስበው ወድቆ የገባ ሰው ደግሞ ለመዋኘት ባይሟሟት ይሻለዋል። በጀርባው ተንጋሎ፣ ጆሮውን ውሃ አስነክቶ ይንሳፈፍ። ደቂቃዋ ታልፋለች።

የጎማ ልብስ የሚሠራበት መንገድ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ውሃ በፍጹም ባለማስገባት አይደለም። ኒዮፕሪን የሚባለው ጎማ በውስጡ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች አሉት፤ ሙቀት የሚይዘው በእነሱ ነው። በልብሱና በቆዳው መካከል የሚገባውን ስስ ውሃ ደግሞ ሰውነት ራሱ ያሞቀዋል። ሰፊ ልብስ ስለዚህ አይጠቅምም፤ ቀዝቃዛው ውሃ እየገባ ይወጣበታል። በአሮጌው ጊዜ ዋናተኞች ስብ ይቀቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 የእንግሊዝን ቻናል በ21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የተሻገረው ማቲው ዌብ የዓሣ ነባሪ ዘመድ የሆነ እንስሳ ዘይት ተቀብቶ ነበር። ስብ ግን ዋና ጥቅሙ ቆዳ እንዳይፋፋቅ ነው እንጂ ብርድ መከላከሉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኮፍያ ሁለት መደረብ፣ ደማቅ ቀለም ያለው እንዲሆን ማድረግ፣ ጆሮን መድፈን፤ እነዚህ ርካሽ ናቸው፣ ይሠራሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ያዞራል፤ የዞረበት ሰው ደግሞ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ ይጠፋዋል።

ይህን ሁሉ በማድረግ የሰው ልጅ የት ድረስ እንደሄደ ለማሳየት ሁለት ስም ብቻ ልጥቀስ። አሜሪካዊቷ ሊን ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት መካከል ያለውን የቤሪንግ ወሽመጥ ከ7 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ከ2 ሰዓት በላይ ዋኝታ ተሻገረች። ሉዊስ ፑ ደግሞ በ2007 በሰሜን ዋልታ ከዜሮ በታች 1.7 ዲግሪ በሆነ ውሃ አንድ ኪሎ ሜትር በ18 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ዋኘ። ሁለቱም ድንገት ተነስተው አልገቡም፤ ለዓመታት በሚቀዘቅዝ ውሃ ተለማምደዋል፤ ጀልባ፣ ሐኪምና ጓድ አጠገባቸው ነበር።

ለትራያትሎን ሰው ከዋናው በኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ጣት ስለሚደነዝዝ የብስክሌት ሄልሜት መቆለፊያ መዝጋት ያቅታል፤ ያለ ሄልሜት መንዳት ደግሞ ያስቀጣል። ስለዚህ በደነዘዘ እጅ መቆለፍን አስቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል። እርጥብ ሰውነት ላይ የሚነፍሰው የብስክሌት ንፋስ ከውሃው በማይተናነስ ሁኔታ ያበርዳል፤ ጓንትና ደረቅ ጃኬት ለመልበስ የሚጠፋው ግማሽ ደቂቃ ኋላ ይመለሳል። ጡንቻው እስኪሞቅ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በቀላል ማርሽ መንዳትም ብልህነት ነው።

ከውሃ ከወጡ በኋላ

ብዙ ሰው "ወጣሁ፣ ተረፍኩ" ሲል ነው የሚሳሳተው። ከውሃ ከወጡ በኋላም የውስጥ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃዎች መውረዱን ይቀጥላል። ሲዋኝ ደህና የነበረ ሰው ዳር ላይ ቆሞ መንቀጥቀጥ፣ ምላሱ መተሳሰር የሚጀምረው ለዚህ ነው። ወዲያው እርጥቡን ማውለቅ፣ መድረቅ፣ ደራርቦ መልበስ፣ ጭንቅላትን መሸፈን ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጋቢ ከየትኛውም የውጭ አገር ፎጣ አያንስም። ስኳር የበዛበት ሻይ ጥሩ ነው። ወዲያው ሙቅ ሻወር ውስጥ መግባት ግን ያዞራል፣ ሊጥልም ይችላል። አረቄ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። "ያሞቃል" የሚባለው የቆዳ የደም ሥሮችን ስለሚከፍት ነው፤ ሙቀት የተሰማን መስሎን ያለችንን ሙቀት ወደ ውጭ እንለቃለን። ይህንን ለአጎቴ ስነግረው "እኛ እኮ ብርድ ለመታው ሁሉ እሷኑ ነው የምንሰጠው" ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

የት እንለማመድ ለሚለው ጥያቄ ሐቀኛ መልስ ያስፈልጋል። ከዲላ ቅርብ የሆነው ሐይቅ አባያ ነው፤ አዞና ጉማሬ ስላለበት ለዋና አይመከርም፤ ደግሞም ቆላ ነውና አይበርድም። ሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለበት። ላንጋኖ ከዚህ የተሻለ ስም አለው፤ ለርቀት ልምምድ ያገለግላል። ቅዝቃዜ የሚፈልግ ሰው በአምቦና በወሊሶ መካከል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ወንጪ ሐይቅ አለለት። እዚያ ግን የአየሩ መሳሳት በራሱ ትንፋሽ ያፈጥናል፤ ብርዱ ሲጨመርበት የመጀመሪያዋ ደቂቃ ትረዝማለችና ለጀማሪ አልመክርም። ወንዝ በክረምት በፍጹም አይገባም፤ ጎርፉ ከላይ ዘንቦ ከታች ሳይታሰብ ይደርሳል። የትም ይሁን የት ብቻን መግባት የለም።

ስለ ዜናው

ለእኛ ለዲፓርትመንቱ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። "ሰጥሞ ሞተ" የሚል ዜና ሲደርሰን የምንጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ነው። ውሃው ምን ያህል ቀዝቃዛ ነበር? ስንት ሰዓት ላይ ነው? ዘሎ ነው ወይስ ቀስ ብሎ ነው የገባው? ከመግባቱ በፊት ምን ይሠራ ነበር? መዋኘት ይችል ነበር? ማን አየው? እነዚህ ስድስት ጥያቄዎች ከአየር ሰዓታችን ሃያ ሴኮንድ አይወስዱም። "ዋና ባለመቻሉ" የሚለውን ግን ማንም ሳይጠየቅ ነው የተጻፈው። አድማጩም የሰማው "ልጄ ዋና ይችላልና አያሰጋኝም" ብሎ ነው። የእኛ ሰፈር እናቶች ከዚያ ዜና በኋላ ያሉት ይህንኑ ነበር።

ባለፈው የገና ዕረፍት ወደ ወናጎ ሄጄ አጎቴን አስፈቀድኩት። መጀመሪያ ተቆጣኝ። ቀጥሎ ዝም አለ። በማግስቱ ንጋት ላይ ገመድና ጋቢ ይዞ ኩሬው ዳር ቆሞ አገኘሁት። ገመዱን ወገቤ ላይ ራሱ ነው ያሰረው። ፊቴን አራስኩ፣ በእግሬ ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን ደረቴ ድረስ ስደርስ አምስት እንኳ ጮክ ብዬ መቁጠር አልቻልኩም፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆረጣል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወጣሁ። ለስድስት ቀን እንዲሁ አደረግን። በስድስተኛው ቀን ከውሃው ውስጥ ሆኜ እስከ ሃያ ቆጠርኩለት፤ ድምፄ ተንቀጥቅጧል ግን አልተቆረጠም። አጎቴ ገመዱን እንደያዘ "ድገመው" አለኝ። ደገምኩለት። ከዚያ ጋቢውን ዘረጋልኝ፤ እየሄድን "ታናሽየውንም እንዲህ አስተምርልኝ፣ ነገ ይዤው እመጣለሁ" አለኝ።